ተጨማሪ መረጃ፦ ዓለም በ1769 (እ.ኤ.አ.)

ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ የተገደሉት በ1769 ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የዘመነ መሳፍንትን መጀመሪያ ከዚህ ይቆጥራሉ። በዚያው ዓመት በሌላው ዓለም ምን ይከናወን ነበር?

• ጃንዋሪ፦ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ላሻሻለበት ፈጠራ የባለቤትነት መብት አገኘ። እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ውጭ፣ በተለየ ክፍል እንዲቀዘቅዝ በማድረጉ ሞተሩ የሚፈጀው የድንጋይ ከሰል በእጅጉ ቀነሰ። ፈጠራው ለኢንዱስትሪ አብዮት ትልቅ ጉልበት ሆነ።

• ጁን 3፦ ቬነስ በመሬትና በፀሐይ መካከል ስታልፍ በፀሐይ ገጽ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ታየች። እንግሊዛዊው ጄምስ ኩክና ባልደረቦቹ ከታሂቲ ደሴት፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም ከተለያዩ አህጉራት ሆነው የማለፊያ ጊዜዋን መዘገቡ። ዓላማቸው ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት ማስላት ነበር።

• ኦገስት 15፦ ናፖሊዮን ቦናፓርት በኮርሲካ ደሴት ተወለደ። ፈረንሳይ ደሴቲቱን ከጄኖቫ የተረከበችው ገና በ1768 ነበር።

• ሴፕቴምበር፦ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተነሣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ምጽዋ ደረሰ። በ1770 ጎንደር ሲገባ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ቢሆኑም፣ ዋናው ሥልጣን በራስ ሚካኤል እጅ ነበር።