ሳይገናኙ መሰብሰብ

ዛሬ ስብሰባ ማለት ከአንድ አዳራሽ ገብቶ ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻ አይደለም። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ከጎንደር፣ ሦስተኛው ከዋሽንግተን፣ አራተኛው ከሪያድ ሆኖ፣ እያንዳንዱ በቤቱ ወይም በቢሮው እንደ ተቀመጠ፣ በኢንተርኔት አማካይነት ይተያያል፤ ይመካከራል፤ ይወስናል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለመምህራኑ የሚያስረዳው፣ የወረዳው ሠራተኛ ከበላይ መሥሪያ ቤት መመሪያ የሚቀበለው፣ በውጭ አገር የተበተኑት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ለትምህርት ቤታቸው የሚያዋጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ስብሰባ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ስብሰባዎች ስንቶቹ «ይሰማል? ይሰማል?» በማለት እንደሚያልቁ እርስዎም ያውቃሉ። 40 ሰው ተሰብሳቢ 15 ደቂቃ በከንቱ ቢጠብቅ፣ የባከነው ጊዜ በጠቅላላው 10 ሰዓት ነው። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው። መስመሩ ደካማ የሆነበት ሰው ነገሩን ሳይሰማና ሐሳቡን ሳይሰጥ ይወሰናል፤ በማግሥቱም «አንተ እኮ ነበርህ» ይባላል። በአዳራሽ ውስጥ ሰው ሲጎድል ባዶ ወንበሩ ይታያል፤ በርቀት ስብሰባ ግን የጎደለውን ሰው የሚያስታውስ ወንበር የለም።

በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «አንተ ወጣት ነህ፤ ይህን ነገር ታውቅበታለህ» ተብሎ የማዘጋጀቱ ሥራ የሚጣለው በአዲሱ ሠራተኛ ላይ ነው። ምናልባት ነገ ተራው የእርስዎ ይሆናልና የሚከተለውን ልብ ብለው ያንብቡ።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ብዙ ሰው የርቀት ስብሰባ ከኮሮና በሽታ ጋር የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ግንቦት 8 ቀን 1908 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 16 ቀን 1916) የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በስልክ ታላቅ ስብሰባ አድርጎ ነበር። ኒውዮርክ፣ ቦስተን፣ ፊላዴልፊያ፣ አትላንታ፣ ቺካጎ፣ ዴንቨር፣ ሶልት ሌክ ሲቲና ሳን ፍራንሲስኮ፣ በጠቅላላው 8 ከተሞች በአንድ መስመር ተያያዙ። ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች በየከተማቸው አዳራሽ ተቀምጠው፣ በየወንበራቸው የተዘጋጀላቸውን የስልክ መስሚያ በጆሯቸው ይዘው አዳመጡ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጆን ካርቲ ኒውዮርክ ላይ ስብሰባውን ሲከፍቱ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር፤ በሳን ፍራንሲስኮ ግን ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነበር።

በዚያን ጊዜ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኘው የስልክ መስመር ከተመረቀ ገና 1 ዓመት ከጥቂት ወር መሆኑ ነበር። መስመሩ ሲመረቅ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከኒውዮርክ፣ የጥንት ረዳቱ ቶማስ ዋትሰን ከሳን ፍራንሲስኮ ሆነው ተነጋግረውበታል። ድምፁ በመንገድ ደክሞ እንዳይቀር በየሥፍራው በቫኩም አምፖል ይጎላ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚያ መሐንዲሶች ሥዕል አልነበራቸውም፤ መልእክት የሚጽፉበት ስክሪንም አልነበራቸውም። ሆኖም ስብሰባው ሰመረላቸው። የሰመረውም መሣሪያው ስለ ረቀቀ አይደለም፤ ማን መቼ እንደሚናገር አስቀድሞ ስለ ተወሰነና ከተሞቹ በየስማቸው ተጠርተው «አለን» ብለው ስለ መለሱ ነው። ይህን የስም ጥሪ በልብዎ ይያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለምን እንደሚሰበሰቡ ይወቁ

ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «ይህ ስብሰባ ሲያልቅ የሚወሰነው ምንድን ነው?» መልስ ካጡ ስብሰባ አያስፈልግዎትም፤ ደብዳቤ ይበቃል። መልሱ ሦስትና አራት ከሆነም አንዱን ይምረጡ። ሰው በስክሪን ፊት ቶሎ ይደክማልና።

ታላላቆቹም እንዲሁ አድርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ከሜይ 20 እስከ 28 ቀን ተቀምጦ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን በወረርሽኙ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ በርቀት ሲሰበሰብ፣ ከግንቦት 10 እስከ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ነበሩ። ጉባኤው ስለ ኮሮና በሽታ የቀረበውን ውሳኔ አጽድቆ፣ የቀረውን ጉዳይ በኖቬምበር ወር ለተደረገው ተከታይ ስብሰባ አስተላለፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሁሉን በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ አንዱንም አይጨርስም።

ሰዓቱን ማስማማት

የእኛ ሰው በርቀት ሲሰበሰብ ከሌላው የበለጠ ችግር የሚገጥመው በሰዓት ነው። በጥሪው ላይ «ቅዳሜ በ3 ሰዓት» ብለው ቢጽፉ፣ የአዲስ አበባው ሰው ጠዋት ይጠብቃል፤ በውጭ አገር ያደገው ወንድሙ ግን ከእኩለ ቀን በኋላ ያለውን 3 ሰዓት ያስባል። ስለዚህ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ለየከተማው ለይተው ይጻፉ። ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትለውጥም፤ አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ግን በማርች ወር በሁለተኛው እሑድ ሰዓቱን በ1 ሰዓት ወደ ፊት ገፍቶ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሰዋል። ስለዚህ በዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የሚጀመር ስብሰባ፣ በእነርሱ በጋ በአዲስ አበባና በሪያድ ማታ 12 ሰዓት ይሆናል፤ በእነርሱ ክረምት ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ዱባይ ዘወትር ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። እስራኤልና አውሮፓም ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፤ የሚለውጡበት ቀን ግን ከአሜሪካ ጋር አንድ አይደለም። በየወሩ የሚሰበሰብ ማኅበር ይህን ካላሰበ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ግማሹ አባል ሲገባ ግማሹ ሲወጣ ይገናኛል።

ሦስት ሰዎችና አንድ ወረቀት

አንድ ሰው ስብሰባውን እየመራ፣ በር እየከፈተ፣ ቃለ ጉባኤም ልጻፍ ቢል አንዱንም በደንብ አይሠራውም። ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሰብሳቢው ንግግሩን ብቻ ይመራል። በር ጠባቂው ሰዎችን ያስገባል፤ ሳያውቅ ማይክሮፎኑን ከፍቶ የተወውን ይዘጋል፤ መስመሩ የተቋረጠበትን በስልክ ይፈልጋል። ጸሐፊው ውሳኔውን ይመዘግባል፤ በጽሑፍ የመጡትንም ጥያቄዎች ያነባል። ከዚህ ሌላ ምክትል ሰብሳቢ ይሰየም፤ እርሱም በሌላ ከተማ የሚኖር ይሁን። መብራት ሲጠፋ የሰብሳቢውንና የምክትሉን ቤት አንድ ላይ ካጨለመ ምክትል መሰየሙ ምን ጠቀመ? መሣሪያው ላይ ለምክትሉ የሚሰጠው ሥልጣንም አስቀድሞ ይሰጠው።

ቀጥሎ ደቂቃው የተቆረጠ መርሐ ግብር በአንድ ወረቀት ላይ ያዘጋጁ። ለምሳሌ ያህል በአምስት ከተሞች ያሉ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ለቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ለመግዛት ይሰበሰባሉ እንበል። ለስም ጥሪ 5 ደቂቃ፣ የስብሰባውን ዓላማ ለማንበብ 3፣ ለሪፖርት 12፣ ለጥያቄና መልስ 20፣ ለውሳኔ 10፣ ማን ምን እንደሚሠራ ለማከፋፈል 7፣ ለመዝጊያ 3፤ በጠቅላላው 60 ደቂቃ ይሆናል። ሪፖርቱ ከሦስት ቀን በፊት ለሁሉም ይላክ፤ በስብሰባው ላይ ፍሬ ነገሩ ብቻ ይነገር። በነጻ የሚሰጠው ዙም ስብሰባውን በ40 ደቂቃ እንደሚቆርጥም አይርሱ። የተከፈለበት ከሌለዎት ወይ ያሳጥሩ፣ ወይ ስብሰባውን ለሁለት ይክፈሉት።

ድምፅ ከሥዕል ይቀድማል

ሥዕል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ከተቆራረጠ ግን ስብሰባው የለም። በዚህም ላይ የገንዘብ ነገር አለ። ድምፅ ብቻ በሴኮንድ እስከ 80 ኪሎቢት ያህል ይበቃዋል፤ ይህም በሰዓት 36 ሜጋባይት ያህል ነው። ሥዕል ሲጨመርበትና በሴኮንድ 600 ኪሎቢት ሲሆን በሰዓት 270 ሜጋባይት ይደርሳል። በደመወዙ ዳታ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ከተናጋሪው በቀር ሌላው ሥዕሉን እንዲዘጋ መፍቀድ ንቀት አይደለም፤ ደግነት ነው።

በአንድ ክፍል ሁለት ስልክ ከፍተው አያስቀምጡ፤ የአንዱን ድምፅ ሌላው እየተቀበለ መልሶ ሲልከው ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ይነሣል። የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ ይህንን ይከላከላል። ከስብሰባው አንድ ቀን በፊትም በዚያው ሰዓት ልምምድ ያድርጉ፤ የመስመሩ መጨናነቅ እንደ ሰዓቱ ይለያያልና። ሲሞክሩም በቢሮው ምርጥ ኮምፒዩተር አይሁን፤ ከአባላቱ መካከል አሮጌ ስልክና ደካማ መስመር ባለው ሰው ይሞክሩት። ለእርሱ ከሠራ ለሁሉም ይሠራል።

በሩን መጠበቅ

ማንም የማያውቀውን ሰው ቤቱ አያስገባም። በ2020 እ.ኤ.አ. በብዙ አገር ያልተጠሩ ሰዎች ወደ ሰው ስብሰባ እየገቡ ይረብሹ ነበር፤ የይለፍ ቃልና የመጠበቂያ ክፍል የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎም የመግቢያውን ሊንክ ለአባላቱ ብቻ ይላኩ እንጂ ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ አይለጥፉት። የገባውን ሁሉ በሙሉ ስሙ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ሲጀመር

ሰብሳቢው 15 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ፤ በተባለውም ደቂቃ ይጀምር። ዘግይቶ ለመጣው ሲባል በሰዓቱ የመጣውን መቅጣት ፍርድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የ1908ቱ የስም ጥሪ ይምጣ። «ጎንደር!» «አለን፤ 6 ነን፤ ይሰማል።» «ሪያድ!» እያሉ በየከተማው ይጥሩ። ይህ ጥሪ ማን እንዳለ ያሳያል፤ ድምፁን ይፈትናል፤ ከሁሉም በላይ የሩቁ ሰው «ቆጥረውኛል» እንዲል ያደርገዋል። በጥያቄ ጊዜም «አስተያየት ያለው?» ብሎ ወደ ባዶ መጮኽ አይጠቅምም፤ በተራ በስም ይጠሩ። ተራውንም መስመሩ ደካማ ከሆነው ይጀምሩ፤ ኋላ ቢቋረጥበት እንኳ ሐሳቡ ተመዝግቧል።

ከዚህም ሌላ ዝምታን መልመድ ያስፈልጋል። በ10 ቋንቋዎች ላይ ተደርጎ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በተራ ጨዋታ አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ የሚያልፈው ጊዜ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ኢንተርኔት ድምፁን ከዚህ በላይ ሲያዘገየው፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ይጀምርና አንድ ላይ «ይቅርታ» ይላል። ስለዚህ ሰብሳቢው ከጠየቀ በኋላ በልቡ እስከ አምስት ይቁጠር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም የስም ጥሪው ይደገም። በመካከሉ የጠፋ ሰው ካለ በር ጠባቂው በስልክ ይጥራው፤ ቃሉንም በስልክ ተቀብሎ ለሁሉም ያሰማ።

ከተለያዩ በኋላ

የአዳራሽ ስብሰባ ሲያበቃ ሰው በደጃፉ ቆሞ «ምን ተባለ?» ይባባላል። የርቀቱ ስብሰባ ደጃፍ የለውም፤ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ጸሐፊው በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ይላክ፤ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። ድምፁ ከተቀዳም፣ ሲቀዳ ሁሉም አስቀድሞ ፈቅዶ፣ ድምፁ ብቻ ተለይቶ በቴሌግራም ቢላክ በዕለቱ መብራት የጠፋበት ሰው ኋላ ይሰማዋል። ያልተስማማበት ነገር ካለም ውሳኔው በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚጽፍበት ሁለትና ሦስት ቀን ይሰጠው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ዛሬ ድሩ ከአህጉር እስከ አህጉር ተዘርግቷል። ድሩን ያሠሩት መሐንዲሶች ናቸው፤ እንዲያብር ማድረግ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ጥሪ ሲጽፉ የአባላቱን ዝርዝር ያንሡና እጅግ የራቀውን፣ ስልኩ አሮጌ የሆነውን፣ ድምፁ የማይሰማውን አንድ ሰው ስም ከላይ ይጻፉ። ሰዓቱንም፣ መሣሪያውንም፣ ተራውንም ለእርሱ እንዲመች አድርገው ያስተካክሉ። ያን ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ያለ ችግር ይገባሉ።