ከጠብታው እስከ ውሳኔው

ፌኒልኬቶኑሪያ፣ በአጭሩ ፒኬዩ፣ ሕፃን ይዞት የሚወለድ ሕመም ነው። በፕሮቲን ውስጥ የሚገኘውን ፌኒላላኒን የሚለውጠው የጉበት ኢንዛይም በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ ፌኒላላኒኑ በደም ውስጥ ይከማችና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ሐኪሙ ሆርስት ቢከል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ጉዳቱን በምግብ መቋቋም እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ዋናው ሕክምና አመጋገብ ሆኗል።

አመጋገቡ ጥብቅ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብና ጥራጥሬ ይቀራሉ። ልጁ ፌኒላላኒን የሌለበት ልዩ የፕሮቲን መጠጥ በየቀኑ ይጠጣል። ከተፈጥሮ ምግብ የሚፈቀድለት ተመዝኖ ነው፤ በብሪታንያ አንዱ ድርሻ 1 ግራም ፕሮቲን ሲሆን ወደ 50 ሚሊግራም ፌኒላላኒን ይይዛል። ይህን ሁሉ በየዕለቱ የሚመዝኑት ወላጆች ናቸው። ድርሻውን የምትወስነው የሥነ ምግብ ባለሙያ ያለችው ግን ሆስፒታል ነው።

ርቀቱን የሚያጠብበው አንድ የደም ጠብታ ነው። እናት ወይም አባት የልጁን ጣት ወጋ አድርገው ደሙን ወረቀት ላይ ያንጠባጥባሉ፤ ሲደርቅ በፖስታ ወደ ላቦራቶሪ ይልኩታል። በደረቀ ደም መመርመርን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ ነበር። በአውሮፓ መመሪያ መሠረት እስከ 12 ዓመት ድረስ በደም ውስጥ ያለው የፌኒላላኒን መጠን በሊትር ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል ሊሆን ይገባል፤ ምርመራውም በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይደረጋል። ውጤቱ ሲደርስ ባለሙያዋ ደውላ ድርሻው መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለበት ትናገራለች።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። መጠኑ ልጁ ከተፈቀደለት በላይ ሲበላ ይጨምራል። ትኩሳት ሲይዘው ወይም መጠጡን እምቢ ሲልም እንዲሁ ይጨምራል፤ ሰውነቱ የራሱን ፕሮቲን ስለሚያፈርስ ነው። ለመጀመሪያው ምክንያት ምግብ መቀነስ ተገቢ ነው፤ ለሌሎቹ ያለ ጥያቄ ቢቀነስ ግን ልጁን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ከመፍረዷ በፊት ትጠይቃለች፦ ሳምንቱን አሞት ነበር? መጠጡን ጨርሷል? ምን በላ?

የመጨረሻውን ጥያቄ በትክክል ለመጠየቅ የቤቱን ማዕድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለንደን ውስጥ ላለ የኢትዮጵያ ቤተሰብ «ዳቦ ቀንሱ» ማለት ትርጉሙ ጥቂት ነው። ጤፍ በፕሮቲን ከስንዴ ጋር ስለሚቀራረብ ስለ እንጀራው መነገር አለበት፤ ሽሮና ምስርም ጥራጥሬ ናቸው። እናቲቱ በምትናገረው ቋንቋ የሚያስረዳ አስተርጓሚም የሕክምናው አካል ነው።

የቪዲዮ ጥሪ ሚዛኑንና የዕቃውን መለያ ለማየት ይጠቅማል፤ ሆኖም ዋናው ፍጥነት ነው። ውጤቱ ከዘገየ ወላጅ የዚያን ሳምንት ምግብ ይረሳዋል፤ ልጁም እስከዚያው በተሳሳተ ድርሻ ይቆያል። የርቀት ድጋፍ ሊገነባ የሚነሣ ሁሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ቶሎ በሚመልስ ላቦራቶሪና ቤተሰቡን በምታውቅ ባለሙያ ላይ ቢያውል፣ ወላጆች ብቻቸውን ከመገመት ይድናሉ።