አንዴ የተወጋ ክንድ

ጅቡቲ ከተማ ዳርቻ፣ ፒኬ 12 ላይ መኪና አቁመን ወረፋ ስንጠብቅ ረዳቴ የቢጫ ወባ ካርዴን አየና «ጋሼ፣ አስር ዓመት አልፎታል፤ ይከተቡ እንጂ» አለኝ። «አንዴ ይበቃል» አልኩት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ካርዱ የሚያገለግለው ዕድሜ ልክ ነው፤ የድሮውም ጭምር።

ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው። ሰውነት እውነተኛ በሽታ የገባ መስሎት ይዋጋዋል። ሲያበቃ አብዛኞቹ ተዋጊ ሕዋሶች ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ጠላታቸውን ሳይረሱ ለአስርት ዓመታት ይቆያሉ፣ አንዳንዶቹም መቅኔ ውስጥ ሆነው ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። በሽታው ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

«ደንጊስ?» አለ ረዳቴ። እዚህ ላይ ያዘኝ። ጅቡቲንም ድሬዳዋንም የሚያስቸግረው ደንጊ የሚተላለፈው ቢጫ ወባን በምታስተላልፈው ትንኝ ቢሆንም ካርዱ አይመለከተውም። ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው፤ አንዱ የያዘው ሰው ከዚያው ዓይነት ለረጅም ዘመን ይጠበቃል፣ ከሌሎቹ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ። ይባስ ብሎ፣ ሌላ ዓይነት ሲይዘው የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ሕዋስ ውስጥ እንዲገባ ሊያግዘው ይችላል፤ ሁለተኛው ሕመም አንዳንዴ የሚጠናውም ለዚህ ነው። ትንኟ በቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻ አይበቃም። ረዳቴ አምና ድሬዳዋ ላይ ደንጊ ጥሎት ነበርና፣ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ልበስ ብዬ ስነዘንዘው አይቀየመኝም።