ግርማ ከኮርቻ ላይ

«ጨዋ» የሚለው ቃል ብዙ ተጉዟል። በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጦር ነበር፤ ከዚያ የደህና ቤተሰብ ልጅ ማለት ሆነ፤ ዛሬ አነጋገሩን ለሚመጥንና ሰው ለሚያከብር ሁሉ ይሰጣል። (የቤተ ክህነት ሰው ግን ፊደል ያልቆጠረውን ነው ጨዋ የሚለው፤ ስለዚህ ምርቃትም ስድብም ሊሆን ይችላል።) የመኳንንት አኳኋንም እንደዚሁ ቃል ከባለቤቶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ገብቷል። የት እንደገባ ማየት የፈለገ ጥር 23 ቀን ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይውረድ።

በቀድሞው ሥርዓት ትልቅ ሰው ከሩቅ ይለያል። ኩታ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ እስከ አፍንጫ ተሸፋፍኖ የሚቀመጠው ጌታ ነው፣ ኩታውን ወገቡ ላይ አስሮ የሚያደገድገው አሽከር። ጌታው ለመንገድ ሰጋር በቅሎ ይቀመጣል፤ የጦር ፈረሱ ግላስ ለብሶ በሰው እየተሳበ ይከተለዋል። የሚጠራውም በፈረሱ ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰውየው የፈረሱ አባት ሆኖ መጠራቱ ይገርማል፤ ግን በጦር ሜዳ ስምን ከሩቅ የሚያሰማው ፈረስ ነው። ጌታው ሲሞትም ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጠመንጃው ወጥቶ ይለቀስለታል። ሌላውም ዓለም ከዚህ አይርቅም፤ የስፔኑ «ካባዬሮ» መጀመሪያ ፈረሰኛ ነበር፣ ኋላ ጨዋ ሰው ማለት ሆነ።

አገው ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር። የጎጃሙ አገው፣ የአዊው፣ ግን በዙፋን ሳይሆን በቤት ይቆጠራል፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ዚገም፣ ቋቁራና መተከል፣ ሰባት ቤት አገው። 

የዐፄው መንግሥት ወደቀ፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬትን የመንግሥት አደረገ፣ ማዕረጉንም ሻረ። ራስም ደጃዝማችም በአዋጅ ቀሩ። ፈረሱን ግን የሚሽር አዋጅ አልወጣም።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ ጣሊያን ገና አገር ውስጥ ነበር። ማኅበሩ የዓድዋን ድልና በጦርነቱ የዋሉትን ፈረሶች ይዘክራል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፣ የእንጅባራው በዓልም ጥር 23 ይውላል፤ ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት ናቸው፣ ጊዮርጊስ ደግሞ ፈረሰኛ ነው። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ሸንጎ ለብቻው፣ ዕድር ለብቻው አይደለም፤ ፈረሰኞቹ ሠርግ ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ።

ለእኔ የሚታየኝ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በዓሉ የዱሮ ልብስ ትርኢት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ደብዝዞ ነበር። ያቆየው ግዴታ ነው፤ ፈረሱን ይዞ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ነገ ለእርሱም ማን ይደርስለታል? በሜዳው ላይ ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ አለ፤ ሕዝብ የሚያጨበጭበውም ለዚያ ነው። አዋቂው ግን ዛቡን የያዘውን እጅ ይመለከታል፤ ፈረሱ ሲያንኮራፋ ፊቱ የማይለዋወጠውን፣ ለሽማግሌ ቀድሞ የሚወርደውን ይለያል። ግርማ ሞገስ የሚሉት ይህን ነው። ዱሮ አንዱ ጌታ ብቻውን ለብሶት የሚሄደውን ዛሬ የገብስና የድንች ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተሰልፎ ይለብሰዋል። ከክብር ወንበር የሚቀመጠው ሹም በሱፍና በክራቫት ነው፤ ካባ ቢደርቡለትም ዓይን ወደ ሜዳው ይሄዳል።

ግላስ ርካሽ አይደለም፣ ፈረስም መኖ ይፈልጋል፤ የግጦሽ መሬት ሲጠብ ሸክሙ በገበሬው ላይ ነው። በአዊ ፈረስ የክት ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ገበያ ይጫናል። ጥር 24 ቀን ግላሱ ታጥፎ ይሰቀላል፣ ፈረሱም ወደ ሥራው ይመለሳል።