አንድ ሚሊሜትር ላይ የሚወሰን ፎቶ

ክረምት ገብቶ የደሃና ወረዳ ደጋ ሲረሰርስ፣ ውሃ በተኛበት መስክ ሁሉ የእንቁራሪት ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ተከትሎ ካሜራ ይዞ የሚጠጋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ፎቶ ያሳዝናል። የእንቁራሪቷ ዓይን ደብዝዞ፣ ጀርባዋም በነጭ ነጸብራቅ ተሸፍኖ ይወጣል።

ዋናው ችግር የእንስሳዋ ትንሽነት ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢቢታ ተራራ ተገኝታ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳይንሳዊ ስም የወጣላት ድንክ እንቁራሪት ወንዱ 17፣ ሴቷ 20 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው። እንዲህ ያለችውን ፍጥረት በማክሮ ሌንስ አንድ ለአንድ በሆነ መጠን ሲያነሡ፣ በፉል ፍሬም ካሜራ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 16 ማጥበብ ጥልቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ብርሃኑ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀዳዳው ከዚያም አልፎ ከጠበበ ብርሃኑ በጠርዙ እየተበተነ ምስሉን በሙሉ ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ያችን አንድ ሚሊሜትር የት እንደሚያሳርፏት ማወቅ ያስፈልጋል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ጭቃው ላይ በሆዱ ተኝቶ ሌንሱን ከእንቁራሪቷ ዓይን እኩል ያደርጋል፤ ካሜራውንም ከጎኗ ጋር ትይዩ ይይዛል። ያኔ ዓይኗ፣ የጆሮዋ ታምቡርና ጎኗ በተቀራራቢ ርቀት ላይ ስለሚውሉ አብረው ይጠራሉ። ፎከሱን እያራመዱ ደጋግሞ አንሥቶ በኮምፒውተር ማዋሐድም አለ፤ ሆኖም እንቁራሪት ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ስለሚርገበገብ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ይበላሻል።

ነጸብራቁ የሚመጣው ከእርጥብ ቆዳዋ ነው። ትንሽ ፍላሽ በቆዳዋ ላይ እንደ መስታወት ቁራጭ ያብለጨልጫል። በፍላሹና በእንቁራሪቷ መካከል ነጭ ስስ ጨርቅ በቅርብ ሲዘረጋ ግን የብርሃኑ ምንጭ ይሰፋል፣ ጥላውም ይለሰልሳል። ቆዳዋን ማድረቅ ፈጽሞ አይገባም፤ የምትተነፍሰው በቆዳዋም ጭምር ነውና።

ጥርት ያለ ፎቶ ለሳይንስም ይጠቅማል። ቲካዴና የተባሉት የደጋችን የሣር እንቁራሪቶች እርስ በርስ እጅግ ይመሳሰላሉ። በ2017 አንዷ ዝርያ በአማራ ስም አምሐረንሲስ ተባለች፤ በ2021 ደግሞ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተገለጹ። ከጀርባ መሃል የሚወርደው ነጣ ያለ መስመር አንዳንዱን ያሳስታል፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ያለውም የሌለውም ይገኛል። የ2022 ጥናት ይህን መስመር ኤሲፕ ከተባለ ዘረመል ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ከጀርባዋ ሌላ የጭኗን የኋላ ክፍልና በእግር ጣቶቿ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ ማንሣት፣ ድምጿንም በስልክ መቅዳት ለተመራማሪ ትልቅ እገዛ ነው።

ጥንቃቄም ያሻል። በ2012 የወጣ ጥናት የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃው ካይትሪድ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ስፍራና በብዙ ዝርያዎች ላይ እንደሚገኝ አሳይቷል። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የጫማውንና የትራይፖዱን ጭቃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ አለበት። የወባ ትንኝ ማባረሪያ በተቀባ እጅም እንቁራሪት አይነካም።