ለልጅም ለአያትም ጆሮ፦ በአቅማችን የምንገዛው የጆሮ ማዳመጫ

በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ትውልድ ሲኖር ሦስት ዓይነት ሙዚቃ መኖሩ አይቀርም። ድሮ ቤቱ ያለው አንድ ሬዲዮ ወይም አንድ ቴፕ ስለነበር «የማን ካሴት ይግባ?» የሚለው ክርክር የዘወትር ነበር። ዛሬ ልጅ በስልኩ፣ እናት በስልኳ፣ አያትም በስልካቸው የወደዱትን ያዳምጣሉ። ሰላሙን ያወረደው የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ይህን ዕቃ የምንገዛበት መንገድ ግን ያስገርመኛል። ለልጃችን ጫማ ስንገዛ ቁጥሩን እንለካለን፣ ሶሉን እንጫናለን፣ ሁለት ሦስት ሱቅ እንዞራለን። በየቀኑ ለሰዓታት ጆሮው ውስጥ የሚቀመጠውን ዕቃ ግን ታክሲ እየጠበቅን ከአዟሪ ላይ አንስተን፣ ሒሳብ ከፍለን እንሄዳለን። ወር ሳይሞላው አንዱ ጎን ይዘጋል፤ ሌላ እንገዛለን። በዓመት መጨረሻ ቢደመር አንድ ደህና ማዳመጫ ይገዛ ነበር።

ሰሞኑን ለ78 ዓመት አባቴና ለ13 ዓመት ልጄ የሚሆን ማዳመጫ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ነበር። በጀቴ ትንሽ ነው፤ የሁለቱ ፍላጎት ደግሞ የተለያየ። በዚሁ አጋጣሚ ያገኘሁትንና ለወላጆችና ለአያቶች ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

ሦስቱ ዓይነቶች

ገበያ ላይ ያሉት በጥቅሉ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለው፣ ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ነው። ዘፋኞች መድረክ ላይ የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት የሚጠቀሙበት፣ ገመዱ በጆሮ ጀርባ የሚዞረው «ኢን ኢር ሞኒተር» የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ጎማ የሌለው፣ ጆሮ ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ነው። ሦስተኛው ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው ሲሆን፣ ጆሮ ላይ የሚያርፍም ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንም አለው።

ባለ ጎማውን ለሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር የጎማው ልክ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ አብሮ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ያቺን ትንሽ ላስቲክ ከካርቶኑ ጋር ይጥላታል። ጎማው ጆሮን በደንብ ካልዘጋ ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም የከበሮውና የቤዝ ጊታሩ፣ ሾልኮ ይወጣል። የቀረው ቀጭን ድምፅ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ሰውዬውም «ይሄ ዕቃ ቤዝ የለውም» ብሎ ድምፁን ይጨምራል። ጎማውን ብቻ በመቀየር የተናቀ ማዳመጫ ሌላ ዕቃ ሲሆን አይቻለሁ። ደግሞም የሁለቱ ጆሮዎቻችን ቀዳዳ ስፋት የግድ እኩል አይደለም፤ ለቀኝ መካከለኛ፣ ለግራ ትንሽ ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

ገመድ ወይስ ብሉቱዝ?

ልጆች ብሉቱዙን ይመርጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። ግን ሒሳቡን እናስላ። ገመድ አልባው ማዳመጫ ውስጥ ባትሪ አለ፣ ብሉቱዝ ተቀባይ አለ፣ ቻርጅ የሚያደርግ ሳጥን አለ። የከፈልነው ብር ለእነዚህ ሁሉ ይከፋፈላል። ባለ ገመዱ ላይ ግን አብዛኛው ወጪ ድምፅ ለሚያወጣው ክፍልና ለአካሉ ይሄዳል። ስለዚህ በተመሳሳይ ዝቅተኛ ዋጋ ባለ ገመዱ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። የትናንሾቹ ብሉቱዞች ባትሪ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይደክማል፤ ቀይሩልኝ ብትሉ የሚቀይር አታገኙም።

ለአያቶች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ባላቸው ብዙ ስልኮች ላይ የማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ያገለግላል። በብሉቱዝ ብቻ ሬዲዮ ለመክፈት የሚሞክሩ አባቶች ጣቢያው እምቢ የሚላቸው ለዚህ ነው።

የገመድ ችግሩ በርካታ አዳዲስ ስልኮች ክቡን የማዳመጫ ቀዳዳ ማስቀረታቸው ነው። መፍትሔው በቻርጀር ቀዳዳው የሚገባ ማዳመጫ ወይም አጭር መቀየሪያ መግዛት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም መቀየሪያ ከሁሉም ስልክ ጋር አይስማማም። ስልኩን ይዞ ሄዶ፣ ሰክቶ፣ ሰምቶ መግዛት ነው እንጂ «ይሠራል» በሚል ቃል ብቻ መመለስ አያዋጣም።

ካርቶኑ የሚናገረው

አንድ ሱቅ ውስጥ ወጣቱ ሻጭ «ማዘር፣ ይሄ የውጭ ድምፅ ያጠፋል፤ እዚህ ላይ ተጽፏል» አለኝ። የተጻፈው «ኢ ኤን ሲ» ነበር። ይህ አገልግሎት ስልክ ስናወራ የእኛን አካባቢ ጫጫታ ከማይክሮፎኑ ላይ ቀንሶ ለደወለልን ሰው ድምፃችንን የሚያጠራ ነው። ሙዚቃ የምናዳምጠውን እኛን ከታክሲ ጩኸት አያድነንም። ለአድማጩ የውጭውን ድምፅ የሚቀንሰው «ኤ ኤን ሲ» የሚባለው ነው። አንድ ፊደል ናት የለወጠችው፤ ዋጋው ላይ ግን ልዩነት አለው።

ሌላው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚለው ጽሑፍ ነው። ይህ የሰው ጆሮ ይሰማዋል የሚባለው የድምፅ ወሰን ሲሆን፣ እጅግ ርካሹም ውዱም ካርቶን ላይ ይገኛል። ስለ ድምፁ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። «ኤክስትራ ቤዝ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ የዘፋኙን ድምፅ እንዲሸፍን ተደርጓል ማለት ነው። ግጥሙን ለሚሰማ ሰው አይመከርም።

ስለ ኮፒም እናንሳ። የታዋቂ ድርጅት ስም የተለጠፈበት፣ ዋጋው ግን ከዋናው አንድ አሥረኛ የማይሞላ ዕቃ ሐሰተኛ መሆኑ ግልጽ ነው። ስልኩ ላይ የዋናው ሥዕል ብቅ ማለቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ያንንም የሚያስመስሉ አሉ። የውድ ዕቃ ኮፒ ከመግዛት፣ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ መግዛት ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት እንፈትን?

በሻጩ ዘፈን አትፈትኑ፤ የእሱ ምርጫ ዕቃውን የሚያሳምር ነው። ልቅም አድርጋችሁ የምታውቁትን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሦስት ነገር እመርጣለሁ።

አንደኛው በገና ነው። የዓለሙ አጋን የመሰለ ጥሩ ቅጂ ቢሆን ይመረጣል። የበገና አውታር የሚነዝረው እንዚራ በተባለችው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። ደህና ማዳመጫ ንዝረቱንም ዜማውንም ለይቶ ያሰማል፤ ደካማው ሁሉንም ደባልቆ እንደ ንብ ያስጮኸዋል። ሁለተኛው የሰው ድምፅ ብቻውን የሚሰማበት ነው፤ መንዙማ ሊሆን ይችላል፣ ትዝታም ሊሆን ይችላል። ድምፁ መሐል ግንባራችን ላይ ካልሆነና ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይደሉም ማለት ነው። ሦስተኛው ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ዘፈን ነው። ቀጭኑን ድምፅ አለቅጥ የሚያጎላ ማዳመጫ የካሴቱን ሽውታ ከዘፋኙ በላይ ያስጮኸዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስ ያማል። አባቴን የመሰለ የድሮ ዘፈን ወዳጅ በዚህ ፈተና ያላለፈ ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል።

ሁለት ማዳመጫ ስታወዳድሩ የድምፁ መጠን እኩል ይሁን። ጆሯችን ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቀበላል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ሊሸጥ የፈለገውን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። በመጨረሻም ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። ድምፁ ከተቆራረጠ ሌላ ይምጣ በሉ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ከመሞከራችሁ በፊትም ጫፉን መጥረግ አትርሱ።

ለልጆች፦ ከጥራቱ በፊት መጠኑ

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። የውስጠኛው ጆሯችን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ከተጎዱ ተመልሰው አይበቅሉም። የዓለም የጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች መካከል ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በአደገኛ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይገምታል።

ድርጅቱ ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚቆጠር አይደለም፤ በ3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ የሚፈቀደውም ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በ80 የተፈቀደው 40 ሰዓት፣ በ90 ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ይህ የአንድ ሳምንት እንጂ የአንድ ቀን አይደለም።

ልጆች ድምፅ የሚጨምሩት በጥጋብ ብቻ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሞተሩ፣ ጡሩምባውና የረዳቱ ጥሪ ሲበዛባቸው ከዚያ በላይ ለመስማት ይጨምራሉ። ስለዚህ ጆሮን በልኩ የሚዘጋ ጎማ ለጥራት ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው፤ ጫጫታው ሲቀንስ ዝቅ ባለ ድምፅም ይሰማል። በሌላ በኩል መንገድ ሲያቋርጡ ሁለቱም ጆሮ መዘጋት የለበትም። በእኛ ቤት ሕጉ «አስፋልት ስትደርሺ አውልቂ» የሚል ነው።

ብዙ ስልኮች የማዳመጫውን ከፍተኛ መጠን የሚገድብ ቦታ በማስተካከያቸው ውስጥ አላቸው። ከልጁ ጋር አብሮ ተቀምጦ መገደብ ይቻላል፤ ገንዘብ አያስወጣም። ለልጆች ተብለው ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፉ የተሠሩ ማዳመጫዎችም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ቀኑን ሙሉ ይደረጉ ማለት አይደለም። ለትናንሾቹ ወደ ጆሮ ከሚገባው ይልቅ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው ይመረጣል። ልጁ «ጆሮዬ ውስጥ ጭው ይላል» ካለ፣ ወይም ሲጠሩት ደጋግሞ «ምን?» የሚል ከሆነ፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ቆጥራችሁ ሐኪም አሳዩት።

ለአያቶች፦ የራቀውን ድምፅ መመለስ

አባቴ ለሁለት ዓመት ያህል ሬዲዮናቸውን ትተው ነበር። «የዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ አያወራም» ይሉ ነበር። እኛም እርጅና ነው ብለን፣ ብቻቸውን መቀመጥ የወደዱ መስሎን ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የመሳሰሉት ድምፆች የሚታወቁት በዚያ ነው። ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። መጮህ ይህን አይፈውሰውም።

ሐኪም ዘንድ ሄደን የግራ ጆሯቸው ከቀኙ ይበልጥ መድከሙ ታወቀ። ይህ ለማዳመጫ ምርጫ ትልቅ መረጃ ነው። ስቴሪዮ ቅጂ ላይ አንዳንድ መሣሪያዎች በግራ ብቻ፣ ሌሎቹ በቀኝ ብቻ ይሰማሉ፤ አንድ ጆሮው የደከመ ሰው ግማሹን ዘፈን ያጣል። ስልኮች ላይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው የማስተካከያ ክፍል ውስጥ «ሞኖ ኦዲዮ» የሚባል ምርጫ አለ። ሲከፈት የሁለቱም ጎን ድምፅ ተደባልቆ ለሁለቱም ጆሮ ይደርሳል። ልጄ ይህን ከፍታ ለአያቷ አንድ የድሮ ዘፈን ስታሰማቸው፣ ትንሽ ቆይተው «ማሲንቆ ነበረው እንዴ?» አሏት። ወጪው ዜሮ ብር ነው።

ለአረጋውያን ዕቃው ቀላል፣ ስፖንጁ ለስላሳ፣ ቀኝና ግራው በግልጽ የተለየ ይሁን። ባትሪና ትናንሽ መንኪያ ያለው ብዙውን ጊዜ ያስቸግራቸዋል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኩክን ወደ ውስጥ ሊገፋ ስለሚችል ጆሯቸው ኩክ ለሚያበዛ አይመችም። ኩክን በክብሪት እንጨት መቆርቆርም ለታምቡሩ አደገኛ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ

«ምን ላምጣላችሁ?» ለሚል ዘመድ ስም መንገር ይጠቅማል። በ20 ዶላር ገደማ ከሚገኙት መካከል ኮስ ኬ ኤስ ሲ 75 የተባለው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል፣ እጅግ ቀላልና ክፍት ዕቃ ነው። ክፍት በመሆኑ ታክሲ ውስጥ አይሆንም፤ ቤት ቁጭ ብለው ቡና ሲጠሩ መስማት ለሚፈልጉ አያት ግን ልክ ነው። ለአባቴ የመጣላቸው ይኸው ነው። ባለ ጎማ ለሚፈልግ ወጣት ደግሞ የቻይናዎቹ ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርዝ ዜሮ በዚሁ ዋጋ አካባቢ ይገኛሉ፤ ለልጄ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ገመዱ ስለሚነቀል፣ ቢበጠስ ገመዱን ብቻ መቀየር ይቻላል።

እዚሁ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ስልካችሁንና የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎማውን በልክ ምረጡ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ አዳምጡ፤ የሚመለስበትን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ቤት ስትገቡም ካርቶኑን ሳትጥሉ የልጁን ስልክ ተቀብላችሁ የድምፁን መጠን አብራችሁ ገድቡ። ማዳመጫው ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም።