ለክረምት ሩጫ የሚስማማና ኪስ የማይጎዳ ልብስ



ከሰኔ እስከ መስከረም በደጋው አገር ዝናቡ ሲበረታ፣ ከሩጫ ቡድናችን ብዙዎቹ ልምምዳቸውን ያቋርጣሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «የክረምት ልብስ የለኝም፤ የሚገዛልኝም የለም» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን የክረምት ልብስ ሁሉ ወፍራምና ውድ መሆን አለበት የሚለው አሳብ ትክክል አይደለም። በዝናብ ጊዜ ሯጭን የሚጠብቀው የልብሱ ውፍረት ሳይሆን ደረቅነቱ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ብርድ እንዴት እንደሚይዘን እንመልከት። ልብስ በራሱ ሙቀት አይሰጥም፤ ሙቀትን የሚሰጠው ሰውነታችን ነው። የልብስ ሥራ በክሮቹ መካከል አየር ይዞ ያ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ መከልከል ነው። ልብሱ በዝናብ ወይም በላብ ሲርስ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 20 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ያስተላልፋል። ከዚህም ሌላ 1 ግራም ውኃ ከቆዳችን ላይ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት መትነኑ ይፋጠናል። ስንሮጥ ያልተሰማን ብርድ ቆም ስንል የሚያንቀጠቅጠን ስለዚህ ነው።

የቦታው ከፍታም መታሰብ አለበት። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ መሐል አዲስ አበባ የበቃን ልብስ እዚያ ላይበቃን ይችላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አላሸነፈምን?» ይሉኛል። አዎን፣ አሸንፏል። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሮም ላይ የሮጠው በመስከረም ወር፣ በደረቅ ምሽት ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነበር። በ2018 የቦስተን ማራቶን ዕለት ብርዱ፣ ዝናቡና ነፋሱ እጅግ በርትቶ ስለ ነበር ስመ ጥር ሯጮች ሳይቀሩ አቋረጡ። በሴቶች አንደኛ የወጣችው አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን ግን ስስ የዝናብ ጃኬት እንደ ለበሰች ውድድሩን ፈጸመች። እንግዲህ ለአየሩ የሚስማማ ልብስ መልበስ ጀግንነትን አይቀንስም።

አሁን ወደ ጨርቁ ዓይነት እንለፍ። ጥጥ ደረቅ ሲሆን እጅግ ይመቻል፤ ከልምምድ በኋላ እንደ ጋቢ ያለ የለም። ከረሰ ግን ይከብዳል፤ ቶሎም አይደርቅም። የጥጥ ካናቴራና የፖሊስተር ካናቴራ በአንድነት ነክሬ፣ ጨምቄ በአንድ ገመድ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ የፖሊስተሩ ቀድሞ ደረቀ። ሱፍ ደግሞ እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን ፈጽሞ አያጣም። የመንዝ ሰዎች በዚያ ብርድ አገር ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

የላይኛው ልብስ ተግባሩ ዝናብና ነፋስ መመለስ ነው። እረኞቻችን ከሣር የተታታ ገሳ ደርበው ዝናቡን ያሳልፋሉ። በ1823 ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በሁለት ጨርቆች መካከል ጎማ አድርጎ ውኃ የማያስገባ ልብስ እንዲሠራ አስቻለ። ይሁን እንጂ ውኃ የማያስገባ ጎማ ላብም አያስወጣም። የፕላስቲክ ዝናብ ልብስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለሩጫ ሰፋ ያለ፣ ከፊት የሚከፈት ስስ ጃኬት ይመረጣል።

ወላጆቻችን በብዙ ገንዘብ አንድ ወፍራም የጥጥ ቱታ ከሚገዙልን፣ ሁለት ስስ የፖሊስተር ካናቴራዎችና አንድ ስስ ጃኬት ከሰልባጅ ተራ ቢመርጡልን ይሻላል። ወፍራሙ ቱታ በክረምት አድሮ እንኳ አይደርቅም፤ ሁለቱ ስሶች ግን አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። በምርጫ ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንመልከት። አንደኛ፣ በአንገቱ ላይ የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ አንብበን ከምን እንደ ተሠራ እንወቅ። ሁለተኛ፣ የጃኬቱን ጨርቅ በአፋችን ላይ አድርገን እንፍ እንበልበት፤ ትንፋሻችን እንደ ልብ የሚያልፍ ከሆነ ነፋስም ያልፋል። ሦስተኛ፣ እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ብብቱ እንዳይዘን እንፈትን።

ከልምምድ በኋላ የሚለበስ ደረቅ ካናቴራና ካልሲ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ምንም ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። የረሰ ጫማ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ቢጠቀጠቅ ውኃውን ይመጠዋል። ፖሊስተር ከከሰል እሳት አጠገብ ይቀልጣልና በዚያ አናድርቅ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስም ነፍስ ያጠፋል።

በመጨረሻም ብርድ እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳልና፣ የሚንቀጠቀጥና ንግግሩ የሚኮላተፍ ጓደኛ ስናይ ስቀን አንለፈው። ወደ ቤት አስገብተን፣ እርጥቡን አውልቀን፣ በደረቅ እንሸፍነው፤ ካልተሻለውም ወደ ሐኪም እናድርሰው። ትርፍ ጃኬት ያለንም ለሌለው እናውስ። እንዲህ ከተረዳዳን በሚመጣው ክረምት በልብስ ማጣት ብቻ ከቡድናችን የሚቀር ተማሪ አይኖርም።